ጣቴን የቀሰርኩበት ብየዳ

ይህን ነገር አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ለእህቴ አልነገርኳትም። ለባሌም አልነገርኩትም። ጾም በገባ ቁጥር ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን ስዘረዝር ይህችን አንዷን እዘላት ነበር። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ኃጢአቴን ላራግፍ ሄጄ ሌላ ጨምሬበት እመለስ ነበር ማለት ነው። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትረዱታላችሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ፎቅ ሥር አንዲት የጥገና ክፍል አለችኝ። ሥራዬ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር እያገናኙ ይጠቀሙባቸው የነበሩ አሮጌ ኮምፒውተሮችን እጠግናለሁ። ሁለመናቸው ኪቦርዱ ውስጥ ያለቀ፣ ፕሮግራማቸውን ከካሴት የሚያነቡ ናቸው። ዛሬ ተራ ስልክ እንኳ አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣቸዋል፤ በልጅነቱ የነካቸው ሰው ግን አይጥላቸውም። ከመጠገን አልፌ ማስፋፊያ ካርድም እሠራላቸዋለሁ። ካርዱ ከጀርባቸው ይሰካና ሚሞሪ ይጨምርላቸዋል። ኤምባሲዎች ካሉበት ከጊጊሪ ሰፈር የውጭ አገር ሰዎች በታክሲ ጭነዋቸው ይመጣሉ፤ ከሩቅ አገርም በፖስታ ይልኩልኛል። «እጅሽ ወርቅ ነው» ይሉኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር። ያ ሥራ ከኔ በፊት የሌላ ሰው ነበር። ከእጁ ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

ሰውየው ጋሽ ሰይፉ ናቸው። አዲስ አበባ የራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ናይሮቢ ከመጡ በኋላ ኬንያውያኑ «ፉንዲ ሰይፉ» ይሏቸው ጀመር። ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፤ እሳቸውን ሲጠሩበት ግን ከማዕረግ አያንስም ነበር። እኔ ከተማ ውስጥ የተሰበረ የስልክ መስታወት ስቀይር አይተውኝ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ነይ ከኔ ጋር ሥሪ» ብለው ወሰዱኝ። አራት ዓመት አስተማሩኝ። አንድ ነገር ሳይከልሉ፣ አንዲት ዘዴ ሳይደብቁ። የሳቸው ብየዳ ከሌላ ሰው ብየዳ ይለያል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ሳይደርስ ክብ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በቴስተር፣ ኤሌክትሪክ በመጨረሻ።

አንድ ቀን ከላቪንግተን ሰፈር አንድ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ምዋሊሙ» ይላቸዋል፣ መምህር እንደማለት ነው። ይዘውት የመጡት ኮምፒውተር በትምህርት ቤታቸው የመጀመሪያውና ብቸኛው የነበረ ነው። በየቀኑ ከቤት ክፍል፣ ከክፍል ቤት፣ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያመላልሱት ነበር። ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ የሚጠይቅ ፕሮግራም ራሳቸው ጽፈዋል፤ ካሴቱ እጃቸው ላይ አለ። እነዚያ ተማሪዎች አሁን ራሳቸው ሽበት አብቅለው ቅዳሜ እሳቸው ቤት ሊሰበሰቡ ነው። ምዋሊሙ የፈለጉት ያ ፕሮግራም በዚያው ዕቃ ላይ እንደገና እንዲነሳ ነው። ግን ፕሮግራሙ ተጨማሪ ሚሞሪ ይፈልጋል፤ የድሮው ማስፋፊያ ደግሞ ጠፍቷል።

ሥራውን ተካፈልን። ጋሽ ሰይፉ የውስጡን ያረጁ ካፓሲተሮች ሊቀይሩ፣ እኔ ማስፋፊያውን ልሠራ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ካርዴ ነበር። ልጅ አልነበርኩም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ይህን የምላችሁ በልጅነቴ እንዳታሳብቡልኝ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ሰይፉ ሥራቸውን ጨረሱ። ኮምፒውተሩን አበሩት፤ ስክሪኑ ንጹሕ ነጭ ሆኖ መጣ። አጠፉትና ኮታቸውን ለበሱ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነበር። በሩ ላይ ዘወር አሉና፣ «ካርድሽን እኔ ሳልመጣ እንዳትሰኪ። ነገ ጠዋት አብረን በቴስተር እናየዋለን» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።

እሺ ብዬ ሰካሁት። ለምን? አስራ አንድ ዓመት ስጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ቸኩዬ ነበር? ሰዓት ነበረኝ። አላውቅም ነበር? በደንብ አውቅ ነበር። እውነቱ ይሄ ነው፦ ጠዋት ሲመጡ ሠርቶ እንዲያገኙት ፈለግሁ። አብረን አይተነው ከሠራ ግማሹ የሳቸው ይሆናል፤ ብቻዬን ካስነሳሁት ግን ሙሉው የኔ ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሰካሁት፣ አበራሁት። ስክሪኑ መጣ፤ ሚሞሪው ግን አልተቆጠረም። ካርዱ በደንብ አልገባም ብዬ አሰብኩ። ኤሌክትሪኩን ሳላጠፋ፣ እንደ በራ፣ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። ካርዱ በመሰኪያው አንድ ጥርስ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ጠቅ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ስክሪኑ ጠቆረ። የተቃጠለው ለዚያ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ቺፕ ነው፤ መሥራት ካቆሙት ቆይተዋል፤ በዚያን ጊዜ ምትክ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ካርዴን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መስኮቱን ከፍቼ ሽታው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ዕቃውን ጋሽ ሰይፉ እንዳስቀመጡት አድርጌ አስቀመጥኩና ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት መጥተው አበሩት። ጨለማ ነው። እንደገና አበሩት። መስመሩን አዩ፣ ገመዱን ቀየሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ «ነክተሽው ነበር ሰናይት?» አሉኝ።

«አልነካሁትም» አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ፈሪ ነበርኩ፤ ብዙ ሰው ይፈራል። እኔ ግን እዚህ ላይ አላበቃሁም። ጋሽ ሰይፉ ክዳኑን ከፍተው ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ነጥብ በነጥብ መፈለግ ጀመሩ። «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ይላሉ ለራሳቸው። «ትናንት እኮ ደህና ነበር።» ከግራ ጀምረው ወደ ቀኝ እየመጡ ነው። በቀኝ በኩል የማስፋፊያው መሰኪያ አለ። እዚያ አንዷ ጥርስ ላይ ትንሽ የጠቆረ ምልክት እንዳለ አይቻለሁ። ትንሽ ከቀጠሉ ይደርሱበታል። የሳቸው ዓይነት ሰው ያንን ምልክት ካየ ሌላ ምንም ማስረጃ አይፈልግም።

ስለዚህ ማጉያውን «እስቲ እኔም ልይ» ብዬ ተቀበልኳቸው። ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ትናንት ከበየዷቸው ነጥቦች ሁለቱ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። «ጋሽ ሰይፉ፣ እዚህ ጋ ሁለቱ የተነካኩ ይመስላሉ» አልኩ።

አልተነካኩም ነበር። በመሃላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት በግልጽ ይታይ ነበር። ብየዳው ንጹሕ ነበር። እኔ አየሁት፤ ንጹሕነቱን እያየሁ ነው የቀሰርኩት።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አደረጉት። ቀርበው አዩ። ራቅ ብለው አዩ። «የት ጋ?» አሉ። «እዚህ» አልኩ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አዎ... ይመስላሉ» አሉ።

የሌለውን ነገር አዩ። ከዓይናቸው ይልቅ እኔን አመኑ፤ ቴስተር እንኳ አላነሱም። ቆይተው ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው» አሉ።

ላቪንግተን የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ዕቃውን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ምዋሊሙ በር ላይ ቆመው ሰሟቸው። ጋሽ ሰይፉ በተሰባበረ ስዋሂሊያቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄ ነው ያበላሸው፣ ሲሉ እኔ ሳጥኑን አቅፌ መሬት መሬት አያለሁ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ፖሌ ሳና፣ ፉንዲ» አሉ። አይዞህ ማለታቸው ነው። ዕቃው የተቃጠለባቸው ሰው አጽናኝ ሆኑ፤ ያላጠፋው ሰው አንገቱን ደፋ፤ ያጠፋሁት እኔ ደግሞ ሳጥን ያዥ ሆኜ ቆምኩ። ቅዳሜ ተማሪዎቹ ያለ ኮምፒውተሩ ተሰበሰቡ።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ሰይፉ መበየጃቸውን አስቀመጡ። «የሰው አደራ ከእንግዲህ በእጄ አይበላሽም» አሉ። መሣሪያዎቻቸውን፣ ክፍሏን፣ ደንበኞቻቸውን ለኔ አስረከቡኝ። መርቀው! ወሬው በባለሙያው መሃል ዞረ፤ የፉንዲ ዓይን ሄደ ተባለ። ሰው መጥቶ «ፉንዲ የት ሄዱ?» ሲለኝ፣ እኔ በአክብሮት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዓይናቸው ደከመ» እላለሁ። ስንት ጊዜ አልኩት? መቁጠር አልችልም። አንድ ጊዜ የዋሸሁት ውሸት አልነበረም፤ በየሳምንቱ አዲስ ሆኖ ከአፌ ይወጣ ነበር።

ነገሩ መበየጃ በማስቀመጥ አልቆመም። መኪና መንዳት ተዉ። ልጃቸው ማርታ ስትወልድ የልጅ ልጃቸውን ቆመው አልታቀፍም አሉ፤ «እጄ አይታመንም፤ ልቀመጥና ስጡኝ።» እኔ በዓል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፤ እሳቸው ለእንግዳው ሁሉ «ይህቺ ናት ተማሪዬ፤ በልጣኛለች» እያሉ ያስተዋውቁኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ። እንዴት ነበር የምስቀው? ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ? ሁልጊዜ «ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ። በዓሉ ያልፋል፤ ሌላ በዓል ይመጣል።

በዚህ ዓመት ማርታ ስልኳን ላሠራ ብላ ሱቄ መጣች። ናይሮቢ ያደገች ናት፤ መሐላዋ እንኳ ስዋሂሊ ነው። እየሳቀች ነበር የገባችው።

«ሃኪ ያ ሙንጉ ሰኒ፣ አባዬ ዶክተሩን ተጣላው! ዓይኑን ላስመርምርህ ብዬ በግድ ወሰድኩት። ዶክተሩ ‹ዓይንህ ለዕድሜህ ፐርፌክት ነው፤ የንባብ መነጽርህን ብቻ እንቀይረው› አለው። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አንተ አታውቅም፤ እኔ በዚህ ዓይን የሰው ዕቃ አቃጥያለሁ!› ዶክተሩ ግራ ገባው እኮ።»

ትስቃለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ስልኳን ሳልከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ደህና ዓይን ያለው ሰው አስራ አንድ ዓመት እንደ ዕውር ኖሯል። በኔ ጣት።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ተቀመጪ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም። «ጋሽ ሰይፉ፣ የምዋሊሙን ዕቃ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ፤ ካርዱ፣ መስኮቱ፣ ጣቴ። ስጨርስ ጎረቤት ግቢ ውኃ ባልዲ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ይሰማኝ ነበር።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ወይም እንባ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ የሙያ ጥያቄ ነው።

«በርቶ ነበር?»

«አዎ፣ በርቶ ነበር።»

«ወደ የት ሸሸ?»

«ወደ ግራ። በአንድ ጥርስ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ጥሩ መልስ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ብየዳዬስ?»

«ንጹሕ ነበር።»

«አልተነካኩም?»

«አልተነካኩም ጋሽ ሰይፉ። የፀጉር ያህል ክፍተት ነበራቸው።»

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩአቸው ጀመር። ገልበጥ አድርገው መዳፋቸውን፣ መልሰው ጀርባውን። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም፤ ደስታ ነበር። «ንጹሕ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «መነካካታቸውን እኔ እኮ አላየሁም ነበር። ክፍተቱን አይቼው ነበር።» ያ ደስታ ከዱላ በላይ አመመኝ። ለካ የነጠቅኳቸው ሥራ ብቻ አልነበረም።

ቁጣው ኋላ መጣ። ቀና አሉና፣ «አስራ አንድ ዓመት» አሉ። ከዚያ፣ «አሁን ሂጂልኝ። ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

ወጥቼ ማታቱ እስከሚቆምበት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ሰው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። የሚያሳፍረኝን እውነት ልንገራችሁ፦ ቀለል ብሎኝ ነበር። ይቅር አልተባልኩም፤ ምንም አልተስተካከለም፤ ግን ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር የለም። የዚያን ቀን የበላሁት እራት ጣዕሙ ትዝ ይለኛል። እሳቸው በረንዳቸው ላይ አስራ አንድ ዓመታቸውን ሲቆጥሩ እኔ በልቼ ተኛሁ። እፎይታዬ እንኳ ከሳቸው ቀድሞ ለራሴ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ደወሉ። «ምዋሊሙ ጋ እንሄዳለን» አሉ። ይህን ጊዜ መኪናውን የነዱት ራሳቸው ናቸው፤ እስከ ላቪንግተን፣ ቀስ እያሉ፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው። ምዋሊሙ በጣም አርጅተዋል። ሳጥኑን አልጣሉትም፤ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውታል። በስዋሂሊ፣ በሳቸው ቋንቋ፣ ጥፋቴን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «በኔ ላይ ያበላሸሽው ዕቃ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ጋሽ ሰይፉ አመለከቱ፤ «የሱን ከሱ ጠይቂ።»

ዛሬ ለዚያ ቺፕ ምትክ የሚሆን ትንሽ ቦርድ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም እሠራዋለሁ። ይዤ ሄጄ ነበር። መበየጃውንም ይዤ ነበር። ከቦርሳዬ ላወጣ ስል ጋሽ ሰይፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። በምዋሊሙ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ አዲሱን የንባብ መነጽራቸውን አድርገው ትንሿ ቦርድ የምትቀመጥበትን ሶኬት ነጥብ በነጥብ በየዱ። መጀመሪያዋ ነጥብ ላይ እጃቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልቆመም። ሲጨርሱ በዓይን አዩት፤ በቴስተር አዩት፤ ማጉያውን ለኔ አልሰጡኝም፤ ልክ ናቸው። ከዚያ አበሩት።

ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መጣ። ይዤው የሄድኩትን ማስፋፊያ ኤሌክትሪኩን አጥፍተን ሰካነው። ምዋሊሙ ካሴታቸውን አስገብተው ደቂቃዎች ጠበቅን፤ ፕሮግራሙ ተነሳና ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው። የሒሳብ አስተማሪው በደስታ ጣታቸው ስቶ ሌላ ቁጥር ነኩ። ኮምፒውተሩ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ራሳቸው እንደጻፉት፣ «ጃሪቡ ቴና» አላቸው፤ እንደገና ሞክር። እስኪያስለን ሳቅን፤ እኔም ጭምር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጋሽ ሰይፉ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። መንገዱን እያዩ ነበር።

«ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው» አሉ። «ዓይኑ ሄደ ብለሽ ለስንቱ ነግረሻል። በጓዳ የምቀበለው ይቅርታ የለም። በሰው ፊት መልሺልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ለዚህ ነው ለእናንተ የጻፍኩት። ለደንበኞቼ አንድ በአንድ ነግሬያለሁ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም። ለባሌ ነገርኩት፤ ለንስሐ አባቴም ነገርኩ። ጋሽ ሰይፉ ማክሰኞና ሐሙስ ወደ ክፍሏ ይመጣሉ፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ለቅቄላቸዋለሁ። «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚለውን ቃል እስካሁን አላሉም። አልጠይቅም። ጎን ለጎን እንሠራለን፤ በቀን አስር ቃል ብንነጋገር ነው፤ ያም ይበዛብኛል።

ቀሎኛል፤ አልክድም። ግን ቀለለኝ ማለት ነጻሁ ማለት እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው አልልም፤ ብዙ የሚፈሩ ሰዎች ጣታቸውን በሰው ላይ አይቀስሩም። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የፉንዲ ሰይፉ ዓይን ሄደ ሲባል ሰምታችሁ ከነበረ፣ ወይም ነገ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሐሰት ነው በሉት። ዓይናቸው ደህና ነው። እጃቸውም ደህና ነው። ዕቃውን ያቃጠልኩት እኔ፣ ሰናይት ነኝ።